ረድፍ ሲሰረዝ

የእድራችን ሂሳብ ከደብተር ወደ ኤክሴል ከገባ ወዲህ ስልኬ አያርፍም። ገንዘብ ያዣችን ሁለቴ የተመዘገበ ደረሰኝ ካገኙ ረድፉን ከነጭራሹ ያጠፉታል። ከዚያ በታች ያለው የ«ቀሪ» ዓምድ በሙሉ «ሬፍ» በሚለው ስህተት ይሞላል። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ደግሞ ምን ነካው?» ይሉኛል።

ነገሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቀሪ የሚሰላው ከላዩ ካለው ቀሪ ተነስቶ ነው፤ ገቢ ይደመራል፣ ወጪ ይቀነሳል። ረድፍ 5 ሲጠፋ 6 የሚያየውን ያጣል። ስህተቱ ለ7 ይተርፋል፣ ከዚያ ለ8፣ እስከ ታች።

እውነት ለመናገር ሬፍ አያስፈራኝም። ቢያንስ ይጮሃል። የሚያስፈራኝ ረድፍ ሲጨመር ነው። በ5 እና በ6 መካከል የተረሳ መዋጮ ቢገባ፣ የታችኛው ፎርሙላ አሁንም የሚያየው 5ን ነው። አዲሱን ዘሎት ያልፋል። ማንም ሳያይ ሂሳቡ ይጎድላል። እድር ውስጥ ደግሞ የጎደለ ብር ምን እንደሚያስወራ የገባበት ያውቀዋል።

ብዙ ሰው ኢንዳይሬክት ወይም ኦፍሴት የሚባሉትን የኤክሴል ፎርሙላዎች ተጠቀም ይላል። ይሠራሉ። ኢንዳይሬክት የሴሉን አድራሻ እንደ ጽሑፍ ስለሚይዘው መሰረዝ አይነካውም። ግን ሁለቱም ፋይሉ ላይ የሆነ ነገር በተነካ ቁጥር እንደ አዲስ ያሰላሉ። ደግሞስ ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ጸሐፊ ማን ያስረዳዋል?

እኔ ተራውን የመደመሪያ ፎርሙላ፣ ሳምን መረጥኩ። ከዓምዱ ርዕስ እስከ ራሱ ረድፍ ያለውን ገቢ ሁሉ ይደምራል፣ በዚያው ልክ ወጪውን ይቀንሳል። ፎርሙላው ወደ ታች ሲቀዳ እንዳይንቀሳቀስ መነሻው በዶላር ምልክት ይታሰራል፤ ለገቢው «ቢ$1:ቢ6» እንደማለት ነው። ካለፈው ዓመት የዞረው ብር እንደ መጀመሪያ ገቢ ይገባል። ሳም ጽሑፍ ስለማይቆጥር «ገቢ» የሚለው ርዕስ አያስቸግረውም። ከመሃል ረድፍ ቢጠፋ ክልሉ ራሱ ይጠባል። ቢጨመርም ይሰፋል፤ ልክ ከርዕሱ ሥር እንኳ ቢገባ። አዲሱ ረድፍ ላይ ፎርሙላውን መቅዳት ቢረሳ፣ ከሱ በታች ያሉት ቀሪዎች ትክክል ናቸው። ፋይሉ በብዙ ሺህ ረድፍ ቢሆን ይንቀረፈፍ ነበር፤ ለእኛ እድር ግን ምንም አይደል።

አሁን የቀረኝ ገንዘብ ያዣችንን ማግባባት ነው። ደብተር ላይ ቢሆን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው ይፈርሙበት ነበር፤ ኤክሴል ላይ የጠፋ ረድፍ ግን ለኦዲት ኮሚቴው ምንም አይነግረውም። ስለዚህ «የተሰረዘበት ምክንያት» የሚል ዓምድ ጨምሬ፣ ረድፉን ከማጥፋት ብሩን ብቻ ዜሮ ያድርጉት አልኳቸው። «እናያለን» ብለውኛል።