ያጠብኩት ዶላር

የመጀመሪያዬን ሞርጋን ዶላር፣ ማለትም የድሮውን የአሜሪካ የብር አንድ ዶላር ሳንቲም፣ የገዛሁት ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሰዎች የቤት ዕቃቸውን ጓሯቸው ላይ ዘርግተው ከሚሸጡበት ቦታ ነው። 25 ዶላር ከፈልኩ። 1881 ይላል (ከመጨረሻው በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በጀርባው ከንስሩ ሥር ካለው የአበባ ጉንጉን በታች ደግሞ ሚጢጢ ኤስ ፊደል አለች፤ ሳንቲሙ የተመታው፣ ማለትም የተሠራው፣ ሳን ፍራንሲስኮ ነው ማለት ነው። ዳር ዳሩ ጠቁሮ ወደ ሰማያዊና ወርቃማ ይወስደዋል። እኔ ቆሻሻ መሰለኝ።

እናቴ የአንገት መስቀሏን ለበዓል በሎሚና በአመድ ስትወለውል እያየሁ ነው ያደግኩት። እኔም ሎሚ ጨመቅኩ፣ አመድ ስላልነበረ ቤኪንግ ሶዳ ነሰነስኩ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት። እንደ መስታወት አበራ። በማግስቱ ደረቴን ነፍቼ ሳንቲም ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ።

ሽማግሌው ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ሳንቲሙን መብራት ሥር ዘንበል፣ ቀና አደረገው። «አጥበኸዋል» አለኝ። ጥያቄ አልነበረም። ከዚያ ያልታጠበ አምጥቶ አሳየኝ። ዘንበል ሲያደርገው ብርሃኑ ፊቱ ላይ እንደ መንኮራኩር ይዞራል። የኔው ላይ ብርሃኑ ዝም ብሎ ቆሟል፤ በላዩ የብሩሹ ጭረት ብቻ። ያ ሰማያዊና ወርቃማ ቀለም እኮ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልበት ነበር! አሁን የሚያወጣው ከብሩ ዋጋ ብዙም የማይበልጥ ነው አለኝ። የሞርጋን ዶላር ክብደቱ 26.73 ግራም ነው፤ 90 በመቶው ንጹሕ ብር ስለሆነ 24 ግራም ገደማ ይወጣዋል። የቀኑን የብር ዋጋ በዚያ ማባዛት ነው። ከዚያ በታች የሚሸጥልህ ሰው ካለ ጠርጥር።

ከብሩ በላይ ያለውን ዋጋ ማወቅ ነው የከበደኝ። እርጅና አይደለም። በ1921 የፊላደልፊያ ሳንቲም መምቻ ብቻ ከ44 ሚሊዮን በላይ ሞርጋን ስለመታ የዚያ ዓመቱ የትም ይገኛል። የ1893 የሳን ፍራንሲስኮው ግን 100,000 ብቻ ነበር። የተመታውን ብዛት ማወቁም አይበቃም። በ1918 በወጣ ሕግ ከ270 ሚሊዮን በላይ የብር ዶላር ቀልጧል፤ የትኛው ዓመት ምን ያህል እንደቀለጠ የመዘገበ የለም። የ1903 የኒው ኦርሊንሱ ለብዙ ዘመን እንደ ብርቅ ሲታይ ኖሮ፣ በ1962 ከመንግሥት ካዝና በከረጢት በከረጢት ሲወጣ ዋጋው ዘጭ አለ። በውድ የገዙት ሰዎች ያን ሰሞን እንዴት እንደከረሙ እንጃ።

ይህን ሁሉ ካወቅኩ በኋላ ነው እንግዲህ ደግሜ የተሸወድኩት። አንድ ሰው የ1893 ኤስ በ900 ዶላር አቀረበልኝ። እውነተኛው በአገልግሎት ብዛት ተበልቶ እንኳ በሺዎች ነው የሚሸጠው። ሆዴ ጓጓና አፌን ዘጋው። ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፣ ልክ ነው። ማግኔት አይስበውም። ከፈልኩ። ቤት ገብቼ በማጉያ ሳየው ኤስ ፊደሏ ዙሪያ ቀጭን ስፌት የመሰለ መስመር አለ። ፊላደልፊያ ፊደል አትለጥፍም ነበር፤ ስለዚህ የሷን ርካሽ 1893 ወስደው ኤስ ለጥፈውባታል። ሳንቲሙ እውነተኛ፣ ፊደሉ ውሸት። ሚዛኔ ምን ያድርግ? እውነተኛው ላይ፣ በሳንቲሙ ፊት ያለችው ሴትዮ ግንባር ላይ ሊበርቲ ከሚለው ቃል ቲ ፊደል ጫፍ ላይ ከፍ ያለች ትንሽ ሰያፍ ጭረት አለች። ያችን ሳላይ ነው ገንዘቤን የሰጠሁት። ሰውየውም ስልኩን ዘጋ።

ዛሬ ውድ ከሆነ፣ በታወቀ መርማሪ ድርጅት ተመርምሮ፣ ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ደረጃ ወጥቶለት የታሸገ ካልሆነ አልገዛም። የእሽጉንም ቁጥር ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ገብቼ አመሳክራለሁ። ርካሹን ራሴ አያለሁ፤ መጀመሪያ የሚበላው ከሴትዮዋ ጆሮ በላይ ያለው ፀጉርና የንስሩ ደረት ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን አሜሪካዊ ገንዘብ አይደለም። ከዚያው ሽማግሌ የውጭ አገር ሳንቲም ሳጥን ውስጥ ያገኘሁት፣ በኛ አቆጣጠር 1936 ዓ.ም. የሚል የኛው የብር 50 ሳንቲም ነው፤ ጃንሆይ በአንድ በኩል፣ አንበሳው በሌላው። የተመታው እዚሁ ፊላደልፊያ ነው። ጥቁር ብሏል፤ እንዳለ ትቼዋለሁ። እናቴ ብታየው ግን ሎሚ ፍለጋ ትነሳ ነበር።