የኢንቨርተር ጥገና ልምዴ፦ አዲስ ሞስፌት ከመግጠም በፊት

ሰሞኑን ስጠግነው የቆየሁት ኢንቨርተር የባትሪን 12 ቮልት ወደ 230 ቮልት የሚቀይር ሲሆን፣ ወደ እጄ ሲገባ መብራትም ድምፅም አልነበረውም፤ የውስጥ ፊውዞቹም ተቃጥለው ነበር። ፊውዝ ያለ ምክንያት እምብዛም ስለማይቃጠል፣ ምርመራውን የጀመርኩት ከኋላው ካሉት ሞስፌቶች፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን በፍጥነት ከሚያበሩና ከሚያጠፉ ትራንዚስተሮች ነው። ከሁሉ አስቀድሜ ግን ትልቁን ካፓሲተር በሬዚስተር አማካይነት ባዶ አድርጌ በማልቲሜትር አረጋገጥኩ፤ ባትሪው ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላልና ይህ ፈጽሞ የማይዘለል ሥራ ነው።

መለኪያው በሁሉም ሞስፌቶች ድሬንና ሶርስ (ዋናው ኤሌክትሪክ የሚያልፍባቸው ሁለት እግሮች) መካከል ሾርት አሳየ። ይህ ግን ሁሉም ተቃጥለዋል ማለት አይደለም። ሞስፌቶቹ ተራ በተራ በሚበሩ ሁለት ጎኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው በትይዩ የተያያዙ ሲሆን፣ ሁለቱ ጎኖችም ሬዚስታንሱ ከዜሮ ብዙም በማይርቀው የትራንስፎርመሩ ወፍራም ጥምጥም ስለሚገናኙ፣ አንዱ ብቻ ቢበላሽ ሌሎቹም እንደተበላሹ ሆነው ይነበባሉ። ነቅዬ ለየብቻ ስለካቸው ሾርት ያደረገው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያም ሆኖ ከእሱ ጋር ጫና ሲሸከሙ የቆዩትን ማመን ስለሚከብደኝ አራቱንም አይአርኤፍ 3205 በተባለው የሞስፌት ዓይነት ለመተካት ወሰንኩ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝና ላካፍላችሁ የምፈልገው ቀጥሎ ያለው ነው። የተቃጠለ ሞስፌት ብዙውን ጊዜ ውጤት እንጂ መነሻ ስላልሆነ፣ አዲሱን ከመግጠም በፊት ጌቱን (ሞስፌቱን የሚያበራውንና የሚያጠፋውን እግር) የሚያሽከረክረው ክፍል መፈተሽ አለበት። ሞስፌቶቹ ተነቅለው ሳለ የማብሪያ ማጥፊያውን ሞገድ ለሚያመነጨው ቲኤል 494 አይሲ 12 ቮልት ስሰጠው 14ኛው እግሩ ላይ ትክክለኛው 5 ቮልት ተገኘ፤ በሁለቱም ጎን ጌቶች ላይ ኦሲሎስኮፑ (የሞገድን ቅርጽ በስክሪን የሚያሳየው መሣሪያ) ያሳየው ሞገድም ጥርት ያለ ነበር። ነገር ግን ጌት ራሱ ኤሌክትሪክ የሚያከማች ነው፤ የአንዱ አይአርኤፍ 3205 ጌት ወደ 3.2 ናኖፋራድ ይይዛል። ስለዚህ በየጎኑ የሁለት ሞስፌቶችን ጌት የሚተካ 6.8 ናኖፋራድ ካፓሲተር ከጌት ወደ ሶርስ ለጊዜው በየድኩ። ያን ጊዜ የአንዱ ጎን ሞገድ እንደ ቀድሞው በፍጥነት ሲወርድ፣ የሌላኛው ጎን ግን እየተንሸራተተ ወርዶ ተራው የሌላው ጎን እስኪሆን ድረስ ሳይዘጋ ቀረ። ጌቱን ባዶ የሚያደርገው ትንሹ ፒኤንፒ ትራንዚስተር ሲለካ ከኤሚተር እግሩ ወደ ቤዝ እግሩ ምንም የማያሳልፍ ሆኖ አገኘሁት። ሁለቱ ጎኖች በአንድነት እንዲበሩና አንዱ ሞስፌት እንዲቃጠል ያደረገው ይኸው ነው። ኦሲሎስኮፕ የሌለው ሰው ካፓሲተሮቹን እንደገጠመ የሁለቱን ጌቶች ዲሲ ቮልቴጅ ያወዳድር፤ በግልጽ ከተለያዩ አንዱ ጎን ችግር አለበት።

ትራንዚስተሩንና ሞስፌቶቹን ከቀየርኩ በኋላ የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግኩት ባለ 55 ዋት የመኪና አምፖል ከባትሪው ጋር በተከታታይ አያይዤ ነው። አምፖሉ ካፓሲተሩ እስኪሞላ ለአፍታ በርቶ ደበዘዘ፤ ሾርት ቢኖር ኖሮ ደምቆ ይቀጥል ነበር።

ውጤቱን ስትለኩ አንድ ነገር አስተውሉ። የዚህ ዓይነት ኢንቨርተር ሞገድ ደረጃማ ስለሆነ ተራ ማልቲሜትር አሳንሶ ያነበዋል፤ ጫፉ 325 ቮልት ሆኖ ግማሹን ጊዜ ብቻ ሲበራ እውነተኛው ዋጋ 230 ቮልት ሳለ፣ ተራው መለኪያ ወደ 180 ቮልት ያሳያል። ትክክለኛውን ንባብ የሚሰጠው የሞገዱ ቅርጽ ምንም ቢሆን እውነተኛውን ዋጋ የሚያሰላው ትሩ አርኤምኤስ መለኪያ ነው። የቀረኝ ሥራ ቮልቴጁ በሚስተካከል ፓወር ሰፕላይ ባትሪ ሲደክም የሚያቋርጥበትን ነጥብ መፈተሽ ነው።