«ካልተመቻችሁ ልቀቁ» ካሉን አከራይ ጋር እንዴት እንደተከራከርን

አከራይና ተከራይ ሲጣሉ ሰው ሁሉ ጠቡ የብር ይመስለዋል። የእኛም ሲጀምር የብር ነበር። ውሎ ሲያድር ግን ከቤት የሚያስወጣን ጭማሪው ሳይሆን ጣሪያ ላይ የተቀመጠችው ሮቶ መሆኗ ገባን።

ሕንጻው ጅማ ከተማ፣ አጂፕ ከሚባለው ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ያለ ባለ አራት ፎቅ ነው። ምድሩ ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ። ተከራዮቹ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ነርሶች፣ ሄርማታ ገበያ የሚነግዱ ሰዎች፣ እና እንደ እኔ ደመወዝ ጠባቂ የሒሳብ ሠራተኞች ነን። ባለቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ደግ ነበሩ። በዓል ሲሆን ቤታቸው ይጠሩን ነበር።

ጭማሪው በቃል መጣ። ዘበኛው ማታ ማታ በር ያንኳኳና «ጋሼ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይህን ያህል ነው ብለዋል» ይላል። ለአንዱ ቤት ሌላ፣ ለጎረቤቱ ሌላ። የአንዱ ውል ገና ጊዜው አላለቀም፣ ሌላው ከነጭራሹ ወረቀት የለውም። ሄደን ስንጠይቅ መልሳቸው «ካልተመቻችሁ ልቀቁ» ነው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ልጄ ከዐረብ አገር ልትመጣ ነው፣ ቤቱን ለእሷ ፈልጌዋለሁ» መባል ጀመረ። ለሦስት ተከራይ በየግል ይኸው ተነገረ። አንዲት ልጅ ለሦስት ቤት!

እምቢ ስንል ውኃ ጠፋ። ወሩ ሰኔ ነው፣ የጅማ ሰኔ ደግሞ ይታወቃል። ውጭ ዶፍ ይወርዳል፣ እኛ ቤት ቧንቧው አየር ይተፋል። በረንዳ ላይ ቢጫ ጀሪካን ደርድረን ከአሸንዳው የሚወርደውን እንቀዳለን። «የከተማው ውኃ ነው የጠፋው» ተባልን። ምድር ያሉት ሱቆች ግን ብርጭቆ ያጥባሉ። አንዱ መምህር ጣሪያ ላይ ወጣ። ወደ መኖሪያዎቹ የሚወርደው መስመር ቫልቩ ተዘግቷል፣ እጀታው በሰንሰለት ተጠፍሯል፣ ሰንሰለቱ ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ያለው የሱቆቹ መስመር ክፍት ነው። ሁለቱንም በአንድ ፎቶ አነሳቸው። ያቺ ፎቶ በኋላ ብዙ ወሬ አሳጠረችልን።

ከዚያ በፊት ሁላችንም ተራ በተራ፣ በየግላችን እየሄድን ነበር የምንለማመጣቸው። እሳቸውም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ለአንዱ «አንተ እኮ ልጄ ነህ፣ ለሌሎቹ ግን እንዳትናገር» ይሉታል፣ ሌላውን ያመናጭቁታል። ስለዚህ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ቡና አፈሉና ጠሩን። እዚያ ቁጭ ብለን የየቤታችንን ኪራይ ስንናገር ነው ጉዱ የወጣው። ተመሳሳይ ቤት፣ የተለያየ ዋጋ። አንዲቷ «ልጅ» ለሦስት ቤት እንደተጠራችም የታወቀው እዚያው ነው።

ለጋሼ አንድ ደብዳቤ ጻፍን። ስም የተደረደረው በቤት ቁጥር ነው፣ ማንም መሪ ተብሎ እንዳይለይ። ዘበኛውን ምስክር አናደርግም ብለንም ተስማማን። እንጀራው በእሳቸው እጅ ነው፣ የእኛን ጠብ ለምን ይሸከማል?

ጋሼ ቀጥሎ ያደረጉት ብዙ ተከራይ የማይነቃበት ዘዴ ነው። ኪራዩን አልቀበልም አሉ። ሰው «እንኳን አልተቀበሉኝ» ብሎ ብሩን ያስቀምጣል፣ አንዳንዱ ይበላዋል። ከዚያ «ኪራይ አልከፈለም» ተብሎ ይከሰሳል። እኛ የባንክ ሒሳብ ቁጥራቸውን ከድሮ ደረሰኞች ላይ አገኘነውና እዚያው አስገባን። በሞባይል ስታስተላልፉ «ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። ብዙ ሰው ነጥብ ያስገባበታል ወይም «ለጋሼ» ይልበታል። እኛ «የሐምሌ ወር የቤት ኪራይ፣ ቤት ቁጥር እንዲህ» ብለን ሞላነው። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ የምወደው ይቺን መስመር ነው። የሒሳብ ቁጥር ባይኖረን ኖሮ ገንዘቡን ፍርድ ቤት ማስቀመጥ እንደሚቻልም በኋላ ሰማን።

ከእኛ አንዱ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ውሉ ላይ የተጻፈው ኪራይ በእጃችን ከምንከፍለው በጣም ያንሳል። ምክንያቱ የኪራይ ገቢ ግብር እንደሆነ ማንም ያውቃል። «ገቢዎች እነግራለሁ ብለን እናስፈራራቸው» አለ። እኔ አልተስማማሁም። ማስፈራሪያ እሳቸው የሚያውቁት ጨዋታ ነው፣ እኛ ደግሞ አማተሮች ነን። በዚያ ላይ ውሉ ላይ የፈረምነው እኛም ነን።

ሕጉን በተመለከተ ሁሉም ስለ አዲሱ አዋጅ ያወራ ነበር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። ጋሼ ይህን ስንጠቅስ «እሱ የአዲስ አበባ ነው» ብለው ሳቁ። ነገሩ ፈጽሞ ውሸት አልነበረም፤ አዋጁ የትኞቹ የክልል ከተሞች ውስጥ እንደሚሠራ የሚወስነው ክልሉ ነው። ስለዚህ ክርክራችንን እሱ ላይ አልተከልንም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ እዚያ ሄድን። ያገኘናቸው ወጣቶች ወደ 1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መለሱን። እሱ በሁሉም ቦታ ይሠራል። አንቀጽ 1731 በሕግ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው ይላል፤ ስለዚህ በዘበኛ አፍ አይለወጥም። ለውኃው ደግሞ አንቀጽ 1149 አለ፦ ሁከት ይወገድልኝ። ይዞታው የተነካበት ሰው ሁከቱ እንዲቆም በሁለት ዓመት ውስጥ መክሰስ ይችላል።

የክሱ ማመልከቻ የተጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ እሱ ስለሆነ። ውላችን በአማርኛ ነበርና ተተርጉሞ ተያያዘ። ይህን ቀድማችሁ ካላሰባችሁበት ጊዜ ይበላል።

ግን ማመልከቻውን ወዲያው አላስገባነውም። ጋሼ የሚያከብሯቸውን ሽማግሌዎች ለመንን፣ ቅጂውንና የጓጉንቸሩን ፎቶ ይዘው ሄዱ። አንዳንድ ሰው ሽምግልና የደካማ መንገድ ይመስለዋል። ለእኔ ባዶ እጅ ሲኬድ ብቻ ነው እንደዚያ የሚሆነው። ሽማግሌዎቹ «ልጆቹ ነገ ሊከሱህ ነው፣ ዛሬ ግን ወደ አንተ ልከውናል» አሏቸው። ጋሼ ፎቶውን ትኩር ብለው አዩትና «ይህ የቧንቧ ሠራተኛው ሥራ ነው» አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም። ማታውን ውኃ መጣ።

ጭማሪው ሙሉ በሙሉ አልቀረም። ውላቸው ላላለቀ እስኪያልቅ ቆመ፣ ለሌሎቹ ቀንሶ በጽሑፍ ሆነ። አንዲት ነርስ ግን አልጠበቀችም፣ ጭቅጭቁ ሰልችቷት ወደ ቂጦ ፉርዲሳ ሰፈር ተዛወረች። አልፈርድባትም። ሌሊት ሠርቶ የሚመጣ ሰው ቀን መተኛት አለበት።

አሁን የቀረን መብራት ነው። ሕንጻው በሙሉ በአንድ ቆጣሪ ነው የሚጠቀመው። የቤት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ የሚጨምር ነው። ብቻዋን ብትቆጠር ርካሹ እርከን ላይ የምትቀር እናት፣ ከሁላችን ጋር ተደምራ የላይኛውን ዋጋ ትከፍላለች። ጋሼ ቢሉን ማሳየት ጀምረዋል። በየቤታችን ትንሽ ቆጣሪ ራሳችን አስገጥመናል፣ በየወሩ አንብቤ የማካፍለው እኔ ነኝ። ከመብራት ኃይል የየግል ቆጣሪ ለማውጣት ግን የባለቤቱ ካርታና ፊርማ ያስፈልጋል። ጋሼ «እናየዋለን» ብለዋል። ሽማግሌዎቹን እንደገና ከመላክ በፊት መስከረም እስኪጠባ ልንታገሥ ተስማምተናል።