ምች የመታው ሰው አይገባም

የምሠራው እዚህ አሜሪካ፣ ማርሞሴት የሚባሉ ትንንሽ ጦጣዎች በሚኖሩበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ጠባቂያቸው ነኝ። አበላቸዋለሁ፣ ቤታቸውን አጸዳለሁ፣ እመዝናቸዋለሁ። ያደገው እንኳ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ዘራቸው ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ነው፤ የእኛዎቹ ግን እዚሁ ተወልደው ያደጉ ናቸው፣ ጫካ አያውቁም።

ሥራ ስጀምር አጥብቀው የነገሩኝ ስለ ምች ነው። ከንፈሩን ምች የመታው ሠራተኛ ክፍላቸው ድርሽ አይልም። እኛ አገር ቤት ዳማከሴ ጨምቀን የምናልፈው ነገር ወደ እነሱ ከተሻገረ ይገድላቸዋል። ስለዚህ ጠዋት ከቤት ሳልወጣ ከንፈሬን በመስታወት አያለሁ። ማስክና ጓንት ሳላደርግም አልገባም።

ምግባቸው ብዙ ዓይነት ነው። በጣም የሚወዱት ግን ሙጫ ነው። ጫካ ውስጥ የዛፍ ልጥ በጥርሳቸው እየቦረቦሩ ነው የሚልሱት። እኛ የግራር ሙጫ በውሃ በጥብጠን እንጨት ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች እንሞላላቸዋለን። እንጨቱን በጥፍራቸው ቆንጥጠው ይይዙና፣ ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ ጥርግ አድርገው ይልሱታል።

አብዛኛውን ጊዜ መንታ ይወልዳሉ። እናትየው ታጠባለች እንጂ በብዛት የሚያዝለው አባትየው ነው፤ ታላላቆቹም ይቀበሉታል። ይህን ለእማዬ በስልክ ስነግራት «አባትየው? እሰይ!» አለች። አሁን በደወልኩ ቁጥር «መንቶቹ እንዴት ሰነበቱ?» ትለኛለች።

አንዱ ከቤተሰቡ ሲለይ እንደ ፉጨት ያለ ቀጭን ረጅም ድምፅ ያሰማል። ከወዲያ ይመልሱለታል። በ2024 የኢየሩሳሌሙ ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማርሞሴቶች በዚህ ጥሪ እያንዳንዱን ለይተው፣ በስም እንደመጥራት እንደሚጠራሩ አሳይተዋል። አብሯቸው ለሚውል ሰው ይህ አይገርመውም።

በእነሱ ላይ የሚሠራው የአንጎል ምርምር ለፓርኪንሰን ሕመምተኞች ተስፋ ነው፣ አልክድም። ግን የእነሱም ዕዳ አለብን። ከቤተሰቡ ብዙ ቀን የራቀ ማርሞሴት ሲመለስ ሊደበድቡት ይችላሉ። ስለዚህ ለሙከራ የወጣውን መቼ እንደወጣ እጽፋለሁ። ሲዘገይ ተመራማሪዎቹ ቢሮ ሄጄ «መቼ ነው የምትመልሱት?» እላለሁ። አንዳንዱ ፊቱን ያጠቁርብኛል። እኔም መልስ ሳላገኝ ከበሩ አልነቃነቅም።