ኮንቨርጅ ያላደረገው ማሽላ

ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ቢሮ የ180 አባወራ መጠይቅ ተሰብስቦ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ቤተሰቡ ማሽላ ዘርቷል ወይስ አልዘራም? የሚወስነውስ ምንድን ነው? ከቃሉና ከወረባቦ ቆላ 58፣ ከወይና ደጋው 60፣ ከለጋምቦ ደጋ 62 ቤት ተጠይቋል። ጀማሪው ባለሙያ ሎጂስቲክ ሪግሬሽኑን (የ«አዎ» ወይም «አይ» መልስን ምን እንደሚወስነው የሚገምት ስሌት) ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ሲያሠራው ያ የታወቀ ማስታወሻ ከሠንጠረዡ ሥር ወጣ፦ ስሌቱ 20ኛው ኢተሬሽን (የስሌት ዙር) ላይ ገደቡን ነክቶ ቆሟል፤ የመጨረሻ መፍትሔ አልተገኘም። ኮንቨርጅ አላደረገም የሚባለው ይህ ነው።

ልጁ እንደ ብዙ ሰው ገደቡን 100 ሊያደርገው እጁን ዘረጋ። አጠገቡ ያሉት አንጋፋ ባለሙያ አስቆሙት።

«ቆይማ ልጄ፣ መጀመሪያ የደጋውን ስታንዳርድ ኤረር፣ የግምቱን የስሕተት ስፋት፣ አንብብልኝ።»

«ከ5 ሺህ በላይ ነው፣ እትዬ።»

«ኮኤፊሸንቱስ፣ ደጋው ከቆላው የሚለይበት ቁጥር?»

«−22.08። ፒ ቫልዩው 0.997 ነው፤ ደጋ መሆን ለውጥ አያመጣም ማለት ነው?»

«በል ክሮስታቡን፣ የቆጠራ ሠንጠረዡን፣ አውጣው።»

ወጣ። ከቆላው 41 ዘርተዋል፣ 17 አልዘሩም። ከወይና ደጋው 23 ዘርተዋል፣ 37 አልዘሩም። ከደጋው 0 እና 62። ነገሩ ያለው እዚያች ዜሮ ላይ ነው። የዜሮ ፕሮባቢሊቲ ሎግ ኦድስ (ሞዴሉ የሚሠራበት፣ የመዝራት ዕድል ለአለመዝራት ዕድል ተካፍሎ የሚወጣው ሎጋሪዝም) ወደ ታች ማለቂያ የለውም፤ ስለዚህ ስሌቱ የሚያርፍበት ቁጥር አያገኝም። በእያንዳንዱ ዙር ኮኤፊሸንቱ በ1 ያህል ወደ ታች ይወርዳል፣ ስታንዳርድ ኤረሩ በ1.65 እጥፍ ያብጣል። ገደቡን ከፍ ማድረግ መንገዱን ያረዝመዋል እንጂ መድረሻ አይሰጠውም። ኳሲ ኮምፕሊት ሴፓሬሽን (ከፊል መለያየት፦ አንዱ ቡድን ብቻውን መልሱን ሙሉ በሙሉ ሲወስነው) የሚባለው ይኸው ነው።

የሚያስፈራው ግን ኤስፒኤስኤስ መጮሁ አልነበረም። ያው መረጃ አር በሚባለው ሌላ ሶፍትዌር፣ ጂኤልኤም በሚለው ትእዛዝ ሲሠራ ምንም ማስጠንቀቂያ አልወጣም። አር የሚያየው ኮኤፊሸንቱን ሳይሆን የዴቪያንሱን (ሞዴሉ ከመረጃው የራቀበትን መጠን) ለውጥ ነው፤ አንጻራዊ ለውጡ ከ0.00000001 ሲያንስ «ጨርሻለሁ» ይላል። የደጋው ድርሻ በየዙሩ ስለሚመነምን በ18ኛው ዙር፣ ከ25ቱ ገደብ በፊት፣ አበቃ፦ ኮኤፊሸንት −20.45፣ ስታንዳርድ ኤረር 1,366። መፍትሔው እውነተኛ መሆኑን ማጣራት የፈለገ ሰው የማቆሚያውን መለኪያ መቶ እጥፍ ያጥብበውና ደግሞ ያሠራው። ጤነኛ ኮኤፊሸንት ንቅንቅ አይልም፤ ይሄኛው 4 ወይም 5 ያህል ይሸሻል።

ሦስተኛው ሶፍትዌር፣ ስታታ፣ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ደጋውን ከሞዴሉ ያወጣል፣ 62ቱን ቤት አብሮ ይጥላል፣ ከላይ በአንድ መስመር ይናገራል። ያችን መስመር ያላነበበ ሰው 118 የሚለውን የናሙና ብዛት ሳያይ 180 ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። አንድ መረጃ፣ ሦስት ሶፍትዌር፣ ሦስት መልክ።

0.997ን አምኖ ደጋውን «ትርጉም የለውም» ብሎ መጣል ትልቁ ስሕተት ይሆን ነበር። 0.997ን የሰጠው ዋልድ ቴስት ኮኤፊሸንቱን ላበጠው ስታንዳርድ ኤረር ስለሚያካፍል እንዲህ ባለ ቦታ ኃይሉን ያጣል፤ ሀውክና ዶነር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ1977 አሳይተዋል። አየር ንብረቱን ካልያዘው ሞዴል ጋር በላይክሊሁድ ሬሾ (የትኛው ሞዴል ከመረጃው ጋር እንደሚስማማ በሚያወዳድር ፈተና) ሲነጻጸር ካይ ስኩዌሩ በ2 ዲግሪ ፍሪደም 84.2 ነው። ከዚህ በላይ ጠንካራ ውጤት ከየት ይመጣል?

ልጁ እንዲህ ለሚሸሽ ኮኤፊሸንት መድኃኒት የሚሆነውን የፈርዝን ዘዴ አነሳ። እ.ኤ.አ. በ1993 የቀረበ ነው፤ በአር ሎጂስትኤፍ በሚባለው ፓኬጅ ይሠራል። እንዲህ በቡድን የተከፈለ አንድ ገላጭ ብቻ ባለው ሞዴል ለእያንዳንዱ የሠንጠረዡ ሣጥን 0.5 እንደ መጨመር ስለሆነ በእጅም ይወጣል፦ የደጋው ኮኤፊሸንት ከቆላው አንጻር −5.69። ቁጥሩ ያምራል። ሴትዮዋ ግን መረጃ ሰብሳቢውን አስጠሩት።

«ለጋምቦ ላይ አንድም ማሽላ አላያችሁም?»

«ለጋምቦ ላይማ ገብስ ነው፣ እትዬ። ስለ ማሽላ ስንጠይቅ እኮ ይስቁብን ነበር።»

ፈርዝ የሚረዳው ዜሮው በናሙና ማነስ ሲመጣ ነው፤ 62 ቤት ተጠይቆ ያልተገኘው 600 ቢጠየቅ ሊገኝ ሲችል። እዚህ ዜሮው ከብርዱ የመጣ ነው። ማሽላ በማይበቅልበት አገር «ለምን አልዘራህም» ተብሎ ሞዴል አይሠራም። ስለዚህ ደጋው በግልጽ ከትንተናው ወጣ፤ ስታታ በራሱ የሠራውን እነሱ አውቀው ሠሩት።

በዚያው ቀን ሌላም ተገኘ። ቀጥሎ ሞዴሉ ውስጥ ሊገቡ ከታሰቡት ገላጮች መካከል «ለማሽላ የዋለ መሬት በጥማድ» የሚል ነበረ። የዘራ ሁሉ ከዜሮ በላይ፣ ያልዘራ ሁሉ ዜሮ፤ መልሱ ራሱ በሌላ ስም ገብቷል። ይህ ሙሉ ሴፓሬሽን ነው። አር እንዲህ ሲሆን ዝም አይልም፤ ብዙ ጊዜ ኮንቨርጅ አላደረገም ይላል፣ ፕሮባቢሊቲው 0 ወይም 1 ሆኗል ብሎም ይጨምራል። ኤስፒኤስኤስ ደግሞ «ፍጹም ተስማሚ» ብሎ ያሞግሰዋል። መድኃኒቱ ተለዋዋጩን ማውጣት ብቻ ነው።

118ቱ ቤት ብቻ ቀርተው ሲሠራ በጥቂት ዙር አለቀ፦ ወይና ደጋ ከቆላ አንጻር ኦድስ ሬሾ 0.26፣ የኮኤፊሸንቱ ስታንዳርድ ኤረር 0.39። ከሠንጠረዡ ሥር ልጁ አንድ መስመር ጻፈ፦ «የደጋው 62 ቤት ማሽላ ስለማይበቅልበት በትንተናው አልተካተተም።»