ውሃ በ92 ዲግሪ በሚፈላበት ከተማ ሴልሺየስን፣ ፋራናይትንና ኬልቪንን ማመሳከር

ፒያሳ ላይ ሁለት ቴርሞሜትሮችን ጎን ለጎን ፈተሽኩ። አንዱ ሴልሺየስና ፋራናይት የተሰመረበት ባለ አልኮል የመስታወት ቴርሞሜትር ነው፤ ሌላው ሦስቱንም መለኪያ በቁልፍ የሚቀያይር ዲጂታል። ቀመሩ ቀላል ነው፦ ሴልሺየሱን በ1.8 አባዝቶ 32 መደመር ፋራናይትን፣ 273.15 መደመር ደግሞ ኬልቪንን ይሰጣል። መሣሪያው ትክክል ማንበቡን ግን ቀመር አያሳይም። ለዚያ ሙቀታቸው የታወቀ ሁለት ነጥቦች ያስፈልጋሉ።

የመጀመሪያው በረዶ ነው። ከተጣራ ውሃ የሠራሁትን በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ በመዶሻ አደቀቅኩት፤ ፔርሙስ ሞልቼበት ክፍተቱን ብቻ የሚሸፍን ቀዝቃዛ ውሃ ጨመርኩ። ውሃው በዝቶ በረዶው ከተንሳፈፈ ሥራው ይበላሻል፤ ውሃ ይበልጥ የሚከብደው 4 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ሞቅ ያለው ወደ ታች ወርዶ እዚያው ይቀመጣል። ትርፉን መድፋት ነው። ጨው ጭራሽ አይነካውም፣ ከዜሮ በታች ያወርደዋል። ቴርሞሜትሩ ግድግዳውንም ታቹንም ሳይነካ፣ እያማሰሉ፣ ንባቡ እስኪረጋ መጠበቅ ያስፈልጋል፦ 0 ሴልሺየስ፣ 32 ፋራናይት፣ 273.15 ኬልቪን።

ሁለተኛው የሚፈላ ውሃ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 100 ዲግሪ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። አንደርስ ሴልሺየስ በ1742 መለኪያውን ሲያቀርብ (ያኔ መፍያው 0፣ መቀዝቀዣው 100 ነበር) የመፍያው ነጥብ በአየር ግፊት እንደሚለዋወጥ ራሱ ጽፏል። መሃል አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ግፊቱ 765 ሄክቶፓስካል ሲሆን ውሃ የሚፈላው በ92.3 ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ማለትም 198.1 ፋራናይት፣ 365.45 ኬልቪን። ይህን ያላወቀ ሰው ደህናውን መሣሪያ ስምንት ዲግሪ ያህል «አስተካክሎ» ያበላሸዋል።

ግፊቱን ያነበብኩት ከስልክ ባሮሜትር ሴንሰር ነው። የአየር ሁኔታ መተግበሪያዎች የሚያሳዩት ከ1,000 በላይ የሆነ ቁጥር በስሌት ወደ ባሕር ጠለል ግፊት የተቀየረ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይረባም። የ10 ሄክቶፓስካል ስህተት 0.35 ዲግሪ ገደማ ያመጣል። የቴርሞሜትሩን ጫፍ እንፋሎቱ ውስጥ ማድረግ ይሻላል፣ የድስቱ ታች ከውሃው በላይ ይሞቃልና። የመስታወቱ ላይ ደግሞ የአልኮሉ ክር መሃሉ ላይ አለመቆረጡን አስቀድሜ አየሁ፤ የተቆረጠ ከሆነ ንባቡ ዋጋ የለውም።

ሁለቱ ንባቦች አብረው ነው የሚታዩት። በበረዶው 0.4፣ በእንፋሎቱ 92.7 ከሆነ መሣሪያው ሁሉም ቦታ 0.4 ጨምሯል፤ ያንን መቀነስ ይበቃል። በበረዶው 0 ሆኖ በእንፋሎቱ 93.6 ከሆነ ግን ስህተቱ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ያድጋል፤ መሃል ላይ፣ 46 ዲግሪ አካባቢ፣ ግማሹን 0.65 መቀነስ ነው።

ለጭንቅላት ስሌት የምወደው ይህ ነው፦ ሴልሺየሱን እጥፍ አድርግ፣ ከእጥፉ አንድ አሥረኛውን ቀንስ፣ 32 ጨምር። 25 ሲሆን 50፣ 45፣ ከዚያ 77። ግምት አይደለም፣ ልክ ነው። ሴልሺየስና ፋራናይት የሚገናኙት ከዜሮ በታች 40 ላይ ብቻ ነው።

ልዩነት ሲሆን ግን 32 አይጨመርም። 32 የሚጨመረው ለራሱ ለሙቀቱ ነው፦ የክትባት ፍሪጅ ከ2 እስከ 8 ሴልሺየስ፣ ማለትም ከ35.6 እስከ 46.4 ፋራናይት መሆን አለበት። የቴርሞሜትሩ ማሸጊያ ላይ ግን «ሲደመር ሲቀነስ 0.5 ሴልሺየስ» ከተባለ በፋራናይት 0.9 ነው እንጂ 32.9 አይደለም። በኬልቪን ያው 0.5 ነው።