የግል ድረ ገጽ ሰርቨር ከዓመት ዓመት፦ የሚሞላው፣ የሚያልቀውና የሚረሳው

የግል ድረ ገጽን በራስ ሰርቨር (ገጹን ለአንባቢ በሚልክ ማሽን) ላይ ማቆም የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ነው። ከባዱ ነገር ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ዓመት ማሻገር ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ሰብሮ የሚገባ ሌባን ነው። ትንንሽ ድረ ገጾችን በአብዛኛው የሚጥላቸው ግን የሞላ ዲስክ፣ ጊዜው ያለፈ ሰርተፍኬት (የድረ ገጹን ማንነት ለብራውዘር የሚያረጋግጥ ፋይል)፣ ያልታደሰ ዶሜይን (የድረ ገጹ ስም) ወይም አንዴም ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ነው። እነዚህ ደግሞ የሚመጡበት ዓመት አላቸው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በዓመት በዓመቱ የተከፈለ ነው፤ ያላችሁበትን አይታችሁ ለቀጣዩ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ።

1ኛ ዓመት፦ ማቆም

ለአንድ ሰው ጽሑፍ 1 ጊጋባይት ራምና 25 ጊጋባይት ዲስክ ይበቃል። ዎርድፕሬስ (ጽሑፍ የሚታተምበት ፕሮግራም) ከነዳታቤዙ እዚያ ላይ ይሠራል፤ ግን 2 ጊጋባይት ስዋፕ (ራም ሲያልቅ የሚተካው የዲስክ ቦታ) ጨምሩበት። ያለ ስዋፕ፣ አንድ ጽሑፍ ቴሌግራም ላይ ሲዞርና አንባቢ በአንዴ ሲጎርፍ ራሙ ያልቃል፤ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነሉም ብዙ ራም የያዘውን ፕሮሰስ ይገድላል። የሚገደለው አብዛኛውን ጊዜ ዳታቤዙ ነው፤ ለአንባቢ የሚታየውም ከዳታቤዝ ጋር መገናኘት አልተቻለም የሚል ገጽ ነው። ዎርድፕሬስን የሚያስኬደው የፒኤችፒ-ኤፍፒኤም የፕሮሰስ ጣሪያ ሲጫን 5 ሆኖ ይመጣል። አንዱ ፕሮሰስ ከ40 እስከ 80 ሜጋባይት ስለሚበላ፣ ገጹ ሲዘገይ ቁጥሩን ወደ 20 ማሳደግ መፍትሔ ይመስላል እንጂ ማሽኑን የሚገድለው እሱ ነው።

ከርቀት ወደ ሰርቨሩ ለምትገቡበት ለኤስኤስኤች ኢዲ25519 የተባለውን ዓይነት ቁልፍ ሥሩና በፓስወርድ መግባትን ዝጉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነገር አለ። ኡቡንቱን (አንዱን የሊኑክስ ዓይነት) ከሰርቨር አከራይ በተዘጋጀ የመጫኛ ቅጂ ስትጭኑ፣ ከዋናው የኤስኤስኤች ማዋቀሪያ ጎን ባለው ንዑስ ፎልደር ውስጥ ክላውድ-ኢኒት (ማሽኑን መጀመሪያ የሚያዋቅረው ፕሮግራም) የጻፈው ትንሽ ፋይል ሊኖር ይችላል፤ እሱ ፓስወርድን ይፈቅዳል። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ያነበበውን ዋጋ ነው የሚይዘው፤ ንዑስ ፎልደሩ ደግሞ ቀድሞ ይነበባል። ዋናው ፋይል ላይ አይሆንም ብላችሁ ብትጽፉም በሩ ክፍት ነው። ከለወጣችሁ በኋላ ያላችሁበትን መስኮት ሳትዘጉ ከሌላ መስኮት በፓስወርድ ለመግባት ሞክሩ፤ እምቢ ካለ ተዘግቷል።

ፋየርዎሉን (ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግደውን) ከማብራታችሁ በፊት የኤስኤስኤችን ፖርት (የመግቢያ በር ቁጥር) ፍቀዱ። ፌል2ባን (ፓስወርድ ደጋግሞ የሚሞክርን የሚያግድ ፕሮግራም) ዴቢያን 12 (ሌላው የሊኑክስ ዓይነት) ላይ ሲጫን አልነሳም ካለ ምክንያቱ የድሮው የመግቢያ ሎግ (የክንውን መዝገብ) ፋይል አለመኖሩ ነው፤ ሎጉ ያለው በሲስተምዲ ጆርናል ውስጥ ስለሆነ ባክኤንዱን (ሎግ የሚያነብበትን ቦታ) ሲስተምዲ አድርጉት።

አፕዴት ስታደርጉ ሁልጊዜ ቲመክስ የተባለው ፕሮግራም ውስጥ ግቡ። መብራት ሲጠፋ ወይም የሞባይል ዳታ ሲቆራረጥ የኤስኤስኤች መስመሩ ይበጠሳል፤ ጥቅሎቹ ግማሽ ተጭነው ግማሽ ሳይዋቀሩ ይቀራሉ። ቲመክስ ውስጥ ከሆናችሁ ሥራው ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል፤ ተመልሳችሁ ትገቡበታላችሁ። ሳትገቡበት ከተቆረጠ ለጥቅል ጫኙ ለዲፒኬጂ ያልተዋቀረውን ሁሉ እንዲያዋቅር ትእዛዝ መስጠት ብዙውን ጊዜ ያስተካክለዋል።

ሎግ ስታነቡ ደግሞ ሰዓቱ ዩቲሲ (የግሪንዊች ሰዓት) ነው። በኛ አቆጣጠር ለማወቅ 3 ቀንሱ፦ ሎጉ 18፡00 ካለ 15 ይሆናል፣ 12 ሲቀነስለት ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ሎጉ ላይ 00፡00 ማለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስለሆነ ባክአፕን ለማስኬድ ጥሩ ሰዓት ነው።

ፊደላችን የሚጠይቀው

ይህን ክፍል በመጀመሪያው ዓመት ያልጨረሰ ሰው በአራተኛው ዓመት ብዙ ሌሊት ይከፍልበታል።

ፊደል በኮምፒውተር በሚቀመጥበት ኮድ፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ሊንክ ውስጥ ሲገባ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት የፐርሰንት ምልክትና ሁለት አሃዝ ስለሚሆን፣ አንድ ፊደል 9 ቁምፊ ይሆናል። ዎርድፕሬስ ለጽሑፉ የሊንክ ስም የሚሰጠው ቦታ 200 ቁምፊ ነው። 200ን ለ9 ስታካፍሉት 22 ፊደል ነው። «የአዲስ አበባ የዝናብ ወቅት እና የመንገድ ጎርፍ» የሚል ርእስ ብትጽፉ፣ እስከ «የመንገድ» ያሉት 21 ፊደላት 189 ቁምፊ ይይዛሉ፤ በመካከል ያሉት 5 ክፍተቶች ሲጨመሩ 194 ይደርሳል። «ጎርፍ» አይገባም፤ ሊንኩ «የመንገድ» ላይ ይቆረጣል። በተመሳሳይ ቃላት የሚጀምር ሌላ ርእስ ስትጽፉ መጨረሻው ላይ ቁጥር 2 ይለጠፍበታል፣ ከዚያ 3። ይህ ሊንክ ለሰው ሲላክ የፐርሰንት ምልክት ክምር ሆኖ ይደርሳል፤ አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ መሀል ላይ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አጭር የሊንክ ስም በላቲን ፊደል በእጃችሁ ጻፉ። ሦስት ወይም አራት ቃል ይበቃል። አንዴ ከታተመ በኋላ አትንኩት።

የፎቶ ስምም እንዲሁ ነው። ሊኑክስ ላይ በብዛት የሚሠራበት የፋይል አቀማመጥ ኤክስት4 ላይ የፋይል ስም ጣሪያ 255 ባይት ነው፤ በአማርኛ 85 ፊደል ማለት ነው። ርዝመቱ ባያስቸግር እንኳ ከማሽን ማሽን በዚፕ ሲሄድ ስሙ ሊበላሽ ይችላል፤ ያኔ ጽሑፉ ውስጥ ያለው ሥዕል ሁሉ ባዶ ሳጥን ይሆናል። ለፋይል የላቲን ስም ስጡት። ከስልክ የወጣ 4 ሜጋባይት ፎቶ ደግሞ እንዳለ አይጫን፤ ስፋቱን ወደ 1200 ፒክሰል አውርዳችሁ ዌብፒ ወደተባለው የፎቶ ዓይነት ቀይሩት። አንባቢያችሁ በሞባይል ጥቅል እየከፈለ ነው የሚያነበው።

የዳታቤዙን የቁምፊ ኮድ ከመነሻው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አድርጉት። ማይኤስኪዩኤል በተባለው ዳታቤዝ ዩቲኤፍ8 ተብሎ የኖረው በፊደል እስከ 3 ባይት ብቻ የሚይዝ ነው። ግዕዝ ይገባበታል፤ ኢሞጂ ግን 4 ባይት ስለሆነ ጽሑፉን መሀል ላይ ሊያስቆርጠው ወይም እንዳይቀመጥ ሊያደርገው ይችላል። የባሰው ላቲን1 (የምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ኮድ) ሆኖ የተፈጠረ አሮጌ ሰንጠረዥ ነው። እዚያ የተበላሸ አማርኛ ሁለት መልክ አለው፤ ልዩነቱን ማወቅ ብዙ ያድናል። ጽሑፉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ጠፍቷል፤ ከባክአፕ በቀር የሚመልሰው የለም። በየፊደሉ ቦታ ሦስት ሦስት የላቲን ምልክት ካያችሁና የእያንዳንዱ መጀመሪያ አናቱ ላይ ጭረት ያለበት የላቲን «ኤ» ከሆነ ግን ባይቶቹ ደህና ናቸው። ዋናዎቹ የግዕዝ ፊደላት በሙሉ በአንድ ዓይነት ባይት ይጀምራሉ፤ ያ ባይት በላቲን1 ሲነበብ ነው ባለ ጭረቱ «ኤ» የሚሆነው። የሚድነው እንዲህ ነው፦ ዳታቤዙን በላቲን1 ኮድ አውጡት፣ ማይኤስኪዩኤል የቁምፊ ኮዱን የሚያውጅ መስመር እንዳይጨምር ከልክሉት፣ በወጣው ፋይል ውስጥ ላቲን1 የሚለውን የሰንጠረዥ መግለጫ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ቀይሩ፣ ወደ አዲስ ባዶ ዳታቤዝ አስገቡት። በኮፒ ላይ ሠርታችሁ በዓይናችሁ ሳታዩ ዋናውን አትንኩ።

ፍለጋም አለ። ዎርድፕሬስ የሚፈልገው እንደተጻፈው ነው፤ «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ ሰው «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ከነእርባታቸው ወደ አንድ የሚመልስ አጭር ፈንክሽን ጽፋችሁ፣ የተስተካከለውን ቅጂ በሌላ ዓምድ አስቀምጡና ፍለጋውን እዚያ ላይ አድርጉ። ዋናው ጽሑፍ እንደ ጸሐፊው ይቆይ። የኢኖዲቢን (የማይኤስኪዩኤል ማከማቻ ክፍል) ሙሉ-ጽሑፍ ፍለጋ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ አነስተኛው የቃል ርዝመት 3 ስለሆነ «ዳቦ» እና «ቤት» አይገኙም፤ ወደ 2 አውርዳችሁ ማውጫውን እንደገና ገንቡት።

2ኛ ዓመት፦ ዶሜይን፣ ሰርተፍኬት፣ ዲስክ

ዶሜይን ጊዜው ሲያልፍበት ወዲያው አይጠፋም። ዶት ኮም ላይ እንደ ሻጩ ጥቂት ሳምንት ይታገሱታል፤ ከዚያ ከፍ ባለ ክፍያ የሚመለስበት 30 ቀን አለ፣ ከዚያ 5 ቀን ጠብቆ ለማንም ይለቀቃል። ማስጠንቀቂያው የሚላክበት ኢሜይል በዚያው ዶሜይን ላይ ያለ ከሆነ፣ ዶሜይኑ ሲቆም ኢሜይሉም ስለሚቆም አታዩትም፤ ሌላ አድራሻ ስጡ። አገር ቤት ላለ ሰው የውጭ ምንዛሪ ካርድ ማግኘት ስለሚከብድ፣ ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህት ይከፍላል። አካውንቱ ግን በእናንተ ስምና ኢሜይል ይሁን፤ ከእነሱ ካርዱ ብቻ ይግባ። ካርድም ቀን አለው፤ ሲቀየር ራስ-ሰር እድሳቱ ዝም ብሎ ይከሽፋል። አቅም ካለ የብዙ ዓመት በአንዴ ክፈሉ፤ እስከ 10 ዓመት ይፈቀዳል።

በነጻ የሚሰጠው የሌትስ ኢንክሪፕት የተለመደው ሰርተፍኬት 90 ቀን ነው፣ ሰርትቦት የተባለው ፕሮግራም ራሱ ያድሰዋል። ሳይታደስ የሚቀርባቸው ምክንያቶች ጥቂትና ተደጋጋሚ ናቸው። ሁሉም ነገር በፖርት 443 ይሄዳል ብሎ ፖርት 80ን መዝጋት አንዱ ነው፤ በኤችቲቲፒ የሚደረገው ማረጋገጫ የሚመጣው በ80 ነው። ሌላው ወደ አዲስ ሰርቨር ሲዞሩ በዶሜይኑ ላይ የተመዘገበውን የአይፒቪ4 አድራሻ ቀይሮ የአይፒቪ6ን መርሳት ነው፤ አረጋጋጩ አይፒቪ6ን ስለሚያስቀድም የድሮውን ቤት ያንኳኳል። ሦስተኛው ደግሞ በጣም ግራ የሚያጋባው ነው፦ ሰርተፍኬቱ ታድሷል፣ ፋይሉ አዲስ ነው፣ አንባቢ ግን ጊዜው አልፏል ይባላል። ገጹን ለአንባቢ የሚያቀርበው ፕሮግራም፣ ኤንጂንኤክስ፣ የድሮውን በራሙ እንደያዘ ስለሆነ ነው። ከእድሳት በኋላ ኤንጂንኤክስ ፋይሉን እንደገና እንዲያነብ የሚያደርግ ሁክ (ራሱ የሚነሳ ትእዛዝ) አስገቡ። ደጋግማችሁ የምትሞክሩ ከሆነ በሌትስ ኢንክሪፕት የሙከራ አገልግሎት ሞክሩ፤ በዋናው ላይ ያልተሳካ ማረጋገጫ በሰዓት 5 ብቻ ነው የሚፈቀደው። ሌትስ ኢንክሪፕት የማስጠንቀቂያ ኢሜይል መላኩን እ.አ.አ. በ2025 ስላቆመ የራሳችሁ ማስታወሻ ይኑራችሁ። የሰርተፍኬት ዕድሜ ጣሪያ እ.አ.አ. በመጋቢት 2029 ወደ 47 ቀን ስለሚወርድ በእጅ ማደስን ልማድ አታድርጉት።

ዲስኩ 100 በመቶ ሲሞላ መጀመሪያ የሚቆመው ዳታቤዙ ነው። ጆርናሉን 200 ሜጋባይት ላይ ገድቡት። ማይኤስኪዩኤል 8 የለውጥ መዝገቡን ከነባሪው ለ30 ቀን ያስቀምጣል፤ ለአንድ ማሽን 3 ቀን ይበቃል። አንድ ትልቅ ሎግ አጥፍታችሁ ቦታው ካልተመለሰ፣ ፋይሉን የከፈተው ፕሮግራም እስካለቀቀው ድረስ ዲስኩ አይለቀቅም፤ ኤንጂንኤክስን ሎጉን እንደገና እንዲከፍት አድርጉት። ቦታ እያለ «ቦታ የለም» ካለ ደግሞ ያለቀው አይኖድ (ዲስኩ የሚይዘው የፋይል ብዛት) ነው፤ የካሽ ፕለጊን (የገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጥ የዎርድፕሬስ ተጨማሪ ፕሮግራም) የሠራቸውን ብዙ ሺህ ትንንሽ ፋይሎች ፈልጉ።

3ኛ ዓመት፦ ስሪት መቀየር

ዴቢያን አንድ ስሪቱን 3 ዓመት፣ ከረጅሙ ድጋፍ ጋር 5 ዓመት ገደማ ይደግፋል። ከ11 ወደ 13 አይዘለልም፤ በ12 በኩል ነው። ፒኤችፒውም አብሮ ከ7.4 ወደ 8.2፣ ከዚያ ወደ 8.4 ስለሚሄድ ሁለት ነገር ይሰበራል። ኤንጂንኤክስና ፒኤችፒ የሚገናኙበት የሶኬት ፋይል ስም የፒኤችፒውን ቁጥር ይይዛል፤ የኤንጂንኤክስ ማዋቀሪያ የድሮውን ቁጥር ስለሚጠራ ድረ ገጹ 502 የሚል ስሕተት ያሳያል። ቁጥሩን መቀየር ነው፣ አለቀ። ሁለተኛው ያልታደሰ አሮጌ ፕለጊን ነው፤ ነጭ ገጽ ይሰጣል። የፕለጊኖቹን ፎልደር ስም ቀይራችሁ ሁሉንም አጥፉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ መልሱ። በስሪት ቅየራው መሀል ስትጠየቁ ያስተካከላችሁትን ማዋቀሪያ አቆዩ እንጂ በአዲሱ አትተኩት።

4ኛ ዓመት፦ ባክአፕ መመለስ

ባክአፕ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ መልሶ ያየው ጥቂት ነው። በሦስት ወር አንዴ ባዶ ማሽን ተከራዩና ከዜሮ አንሱት፤ ለጥቂት ሰዓት የሚከፈለው ትንሽ ነው። የሚጎድለው ያኔ ይታያል፦ የኤንጂንኤክስ ማዋቀሪያ፣ የክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት የሚያስኬድ ፕሮግራም) መስመሮች፣ የአማርኛው ፎንት ፋይል፣ የዳታቤዙ ተጠቃሚና ፈቃዱ። አንድ ዳታቤዝ ብቻ ሲወጣ ተጠቃሚዎቹ አብረው አይወጡም።

ክሮን ላይ የፋይሉን ስም በቀን የምትሰይሙ ከሆነ፣ ከፐርሰንት ምልክቱ ፊት የኋላ-ጭረት (\) ካላስገባችሁ ክሮን ምልክቱን እንደ አዲስ መስመር ይቆጥረዋል፤ ትእዛዙ እዚያው ይቆረጣል። በእጅ ሲሞከር ይሠራል፣ ሌሊት አይሠራም፤ ለዚህ ነው። ሬስቲክ በተባለው የባክአፕ ፕሮግራም 7 የቀን፣ 4 የሳምንትና 6 የወር ቅጂ አቆዩ። የሬስቲክ ፓስወርድ ከጠፋ ቅጂው አይከፈትምና ከሰርቨሩ ውጭ በሁለት ቦታ ይኑር። ጽሑፉ ራሱ ቀላል ነው፦ 1500 ቃል ያለው አማርኛ 20 ኪሎባይት ገደማ ስለሆነ 300 ጽሑፍ 6 ሜጋባይት ነው። በሞባይል ዳታ አውርዶ ስልክ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ይገባልም።

ማሽን ስትቀይሩ ከአንድ ቀን በፊት የዲኤንኤሱን (የዶሜይን አድራሻ መዝገብ) ቲቲኤል፣ ማለትም የድሮው አድራሻ የሚታወስበትን ጊዜ፣ ወደ 300 ሰከንድ አውርዱ፤ የድሮውንም ማሽን ለ3 ቀን አታጥፉ።

5ኛ ዓመት፦ ዳታቤዙን መተው

በወር ሁለት ጊዜ ለሚጽፍ ሰው ዳታቤዝና ፒኤችፒ አያስፈልጉም፤ ጽሑፉን በማርክዳውን (በተራ የጽሑፍ ፋይል) አስቀምጦ ሁጎ በተባለው ፕሮግራም ገጽ ማስወጣት የሚጠበቀውን ነገር በግማሽ ይቀንሳል። 512 ሜጋባይት ራም ይበቃል። አዲስ የሁጎ ስሪት አሮጌ ገጽታን ስለሚሰብር የምትጠቀሙበትን ስሪት ፋይል ከጽሑፉ ጋር አስቀምጡ። የአንባቢ አስተያየት የነበረው ወደየጽሑፉ ግርጌ እንደ ጽሑፍ ይገልበጥ፤ ሰዎች የደከሙበት ነው፣ መጣል የለበትም።

የድሮ ሊንኮች በሙሉ በ301 (ገጹ በቋሚነት ተዛውሯል በሚለው ምልክት) ወደ አዲሱ ይዙሩ። የአማርኛ ሊንክ የነበረውን ስታዞሩ፣ የኤንጂንኤክስ ሎኬሽን (ሊንክን የሚለይ መመሪያ) የሚያነጻጽረው የፐርሰንቱ ኮድ ተፈትቶ ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ ማዋቀሪያው ውስጥ የምትጽፉት ፊደሉን ራሱን ነው። የፐርሰንቱን ኮድ ብትጽፉ ፈጽሞ አይገጥምም። ዎርድፕሬስ የቆረጠውን ርእስም እንደተቆረጠ ጻፉት፣ «የመንገድ» ላይ ያበቃውን እዚያው ላይ። ከዚያ ለአንድ ወር የ404ን (ገጹ አልተገኘም የሚለውን ስሕተት) ሎግ በየሳምንቱ እያያችሁ የቀረውን ጨምሩ።